በአሜን የተገዛ ቤት

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ።

ቆይ፣ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «አክስቴ፣ በሐራጅ የሚሸጥ ቤት ገዝቼ ላከራይ አስቤያለሁ፤ ግን ሰው እያዘነ የሚወጣበት ቤት ይበጀኛል ወይ? ብገዛስ በምን ያህል ብገዛ ነው የሚያምርብኝ?» ብለሽኛል። ረጋ ብለሽ ተቀመጪ። በዚህ ሰውዬ ነው የምመልስልሽ።

ባለ ወፍጮው ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ጩኸት ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ስለሆነ ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም። ምስጢር ሲያወራ እንኳ ከጎረቤት አልፎ መንገደኛ ይሰማዋል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ጸሎትህ እግዜር ጋ ሳይደርስ ሰፈሩ ያውቀዋል» ትለው ነበር። ሰውየው ግን ደግ ነው፤ ሳቁ ቅርብ፣ እጁ ክፍት። ዕድሜው ሲገፋ ጉልበቱ ደከመ፤ የዱቄቱም ብናኝ ደረቱን እያፈነ አላስተኛው አለ። ስለዚህ ከአፉ እየቀነሰ ባጠራቀማት ገንዘብ መንገድ ዳር አንድ ቤት ገዝቶ፣ እሱን እያከራየ፣ ቀሪ ዘመኑን ያለ ጩኸት ሊኖር ተመኘ። ምኞቱ ይችው ነበረች።

በዚያው ከተማ አንድ ቤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ይሸጥ ተባለ፤ በመጀመሪያው ሐራጅ ተጫራች ስላልቀረበ ሁለተኛ ተቀጠረ። የቤቱ ጌታ ሞተው፣ እማማ በለጡ የሚባሉት ሚስታቸው ብቻቸውን ቀርተውበታል። ሟቹ ከፊተኛዪቱ ሚስታቸው የወለዷቸው ልጆች መጥተው «ድርሻችንን» አሉ። ቤት ደግሞ እንደ ዳቦ አይቆረስ ነገር! ዳኛው «ተሸጦ ግማሹ ለባልቴቷ፣ ግማሹ ለልጆቹ ይሁን» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ልክ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። ግን እስቲ አስቢው፤ እማማ በለጡ በሚደርሳቸው ግማሽ ሌላ መጠለያ ካልገዙበት፣ በስተርጅና መግቢያቸው የት ሊሆን ነው?

ቤቱ ቤት ነው! ፊቱ ለሱቅ ይሆናል፣ በጓሮው የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረዋል። ባለ ወፍጮው በአጥሩ ዙሪያ ሲመላለስ ሰንብቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ሙሉ ዋጋው ምን ያህል እንደሚሆን ጠያይቆ አወቀ፤ ያጠራቀመው ለዚያ ልክክ ይላል፤ አይጎድልም፣ አይተርፍም። ደስ ብሎት የሐራጁን ቀን ይጠብቅ ጀመር።

ይኼኔ አንድ ደላላ መጣ። ምላሱ ቅቤ ነው።

«ጋሼ፣ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ሞኝ ነው» አለው። «የመጀመሪያው ሐራጅ ለምን ከሸፈ? እኛ ተነጋግረን ስለቀረን ነዋ! አሁን ሁለተኛው ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ መነሻ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። የሚመጡት ተጫራቾች ሁሉ የኛው ሰዎች ናቸው። አንተ ትንሽ ዋጋ ትጠራለህ፣ እኛ ጸጥ እንላለን፣ ቤቱ ያንተ። በሚቀጥለው ደግሞ አንተ ጸጥ ትላለህ፣ ሌላው ይወስዳል።»

«ትንሽ ስትል ምን ያህል ነው?»

«የባጃጅ ዋጋ።»

«የምን?!» ባለ ወፍጮው ሲጮህ በጣሪያው ላይ ያረፉ ርግቦች ግር ብለው ተነሱ።

«ቀስ በል እንጂ ጋሼ፣ ታስገድለኛለህ! የባጃጅ።»

«ሰውስ ምን ይለኛል?»

«ሰው ምን አገባው? ሐራጅ ወጉ እንዲህ ነው።»

ባለ ወፍጮው ክፉ ስላልሆነ ትንሽ ቆጠቆጠው፤ ሰው ስለሆነ ደግሞ ደስ አለው። ይህን የመሰለ ቤት በባጃጅ ዋጋ! በሚተርፈው ገንዘብ በሐሳቡ ሌላ ቤት ገዛ። ያንንም አከራየ። ተከራዩ ኪራይ ሲያዘገይበትም ተቆጣ፤ ሚስቱ «ከማን ጋር ነው የምትጣላው? ቤቱ ውስጥ እኮ እኔና አንተ ብቻ ነን!» እስክትለው ድረስ።

ሐራጁ የሚካሄደው እዚያው በቤቱ ደጅ ነው። ቀኑ ደርሶ ተጫራቾቹ ሲሰበሰቡ እማማ በለጡ ምን አደረጉ መሰለሽ? ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ጠርቅሞ ከውስጥ ይራገማል። እሳቸው «በደጄ እንግዳ ቆሞ አይውልም» ብለው አግዳሚ ወንበር አወጡ፤ አልበቃ ሲል ከጎረቤት አስመጡ፤ ውሃ በጆግ አቀረቡ። ተጫራቾቹ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ውሃውንም ጠጡ፤ ዓይናቸውን ያያቸው ግን አንድ የለም። አንዱ ስልኩን ይነካካል፤ አንዱ ያልቆሸሸ ጫማውን ይጠርጋል። የከተማውን ፎቅ ሁሉ የገነባው ኮንትራክተርማ ጀርባውን ሰጥቷቸው ግድግዳቸውን በቁልፍ ኳ ኳ ያደርጋል።

ባለ ወፍጮው ግን ሰላም ሳይል መቀመጥ አልሆነለትም።

«እንደምን አደሩ እናቴ!» ሲል ዶሮዎቻቸው ተበተኑ።

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ደንቆሮ አይደለሁም እኮ» አሉት እየሳቁ።

«ወፍጮ ነው ያበላሸኝ እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ቤቱን ልትገዛ ነው የመጣኸው?»

«ከቀናኝ።»

«ይቅናህ። እኔም ከሚደርሰኝ አንዲት ክፍል ከነማድቤቷ ብገዛ ይበቃኛል። እዚሁ ሰፈር፣ ዕድርተኞቼ ሳይርቁኝ። አይበቃኝም ትላለህ?»

ባለ ወፍጮው በልቡ ባጃጁን ለሁለት ገመሰው። በግማሽ ባጃጅ ክፍል ቀርቶ የክፍል በር አይገዛም። ያ ሁሉ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፤ «እንግዲህ እናቴ...» ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ሄዶ ተቀመጠ። ውሃ አመጡለት። ሳይቀምስ አጠገቡ አስቀመጠው።

ሐራጅ ባዩ ቀጭን፣ ኮስታራ፣ ሕጉን እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነበር። ቆሞ አነበነበ። «'የሚጨምር አለ?' ብዬ ስጠይቅ ድምፁን ያሰማ ተጫራች በዋጋው ላይ አንድ እርከን፣ ማለትም የተወሰነች ብር፣ ጨምሯል ማለት ነው። በኋላ 'ሳስል ነው፣ ሳዛጋ ነው' ብሎ ነገር የለም!»

ባለ ወፍጮው ተነስቶ የባጃጁን ዋጋ ጠራ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ስለተናገረ ሐራጅ ባዩ «አልሰማሁም» ብሎ አስደገመው። በሁለተኛው ሁሉም ሰማ፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው ሰፈርተኛም ሰማና «ኧረ በስማም!» አለ።

«የሚጨምር አለ?»

ዝም። ተጫራቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

«አንደኛ ጊዜ! የሚጨምር አለ?»

ዝም።

«ሁለተኛ ጊዜ! የሚጨምር አለ?»

እማማ በለጡ ሐራጅ አይተው አያውቁም። የባጃጁም፣ የእርከኑም ነገር አልገባቸውም። የገባቸው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሰላም ያላቸው ሰውዬ ቤት ሊገዛ ነው። ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ እንዴት ሳይመረቅ ይገባል? ብድግ ብለው ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው፣

«ልጄ፣ ይጨምርልህ!» አሉት።

«አሜን!» አለ ባለ ወፍጮው።

አስቦበት መሰለሽ? ምርቃት ሲወርድ አሜን የሚለው አፍ ነው፤ ሐሳብ ከኋላ ነው የሚደርሰው። ደግሞ በዚያ በወፍጮ ድምፁ ነው ያለው።

ሐራጅ ባዩ ጻፍ ጻፍ አደረገና «ተጨምሯል» አለ።

ደላላው ዘሎ ተነሳ። «ማነው የጨመረው?»

«እሳቸው።»

«በማን ላይ?»

«በራሳቸው ላይ።»

«በራስ ላይ መጨመር የሚባል ነገር አለ እንዴ?!»

«ሕጉ ማን እንደጨመረ ነው የሚጠይቀው፤ በማን ላይ ነው አይልም። ተቀመጥ።»

አጥሩ ላይ ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። እማማ በለጡም ሳቁ የደስታ መሰላቸውና ልባቸው ሞቀ። ምርቃት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ መቼ በአንድ ይቆማል?

«ከፍ ከፍ ያድርግህ!»

«አሜን!»

«ተጨምሯል።»

«ይትረፍረፍልህ!»

«አሜን!»

«ተጨምሯል።»

ደላላው ሮጦ መጥቶ የባለ ወፍጮውን አፍ በሁለት እጁ ያዘው። እማማ በለጡ «በላይ በላዩ ይስጥህ!» አሉ። ባለ ወፍጮው በደላላው ጣቶች መሀል «ምምን!» አለ። ሐራጅ ባዩ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማና «እሱም አሜን ነው» ብሎ ጻፈ።

ባጃጁ ፒካፕ አከለ።

ሐራጅ ባዩም ሰው ነውና አሁን አዘነለት። ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ልብዎን ይሰብስቡ» አለው። «ለምርቃት የተባለ አሜን እኔ የማነበው ሕግ ላይ የለም። 'አሜን ያልኩት ተሳስቼ ነው፣ ይሰረዝልኝ' ካሉ እሰርዛለሁ። ቤቱ በመጀመሪያው ዋጋ የርስዎ ይሆናል።»

«በል! በል እንጂ!» ደላላው ጎኑን ጎሰመው።

ባለ ወፍጮው አፉን ከፈተ። እማማ በለጡ እጃቸው ገና አልታጠፈም፤ ፈገግ ብለው ያዩታል። እንግዲህ ምን ሊል ነው? «አሜኔን ሰርዙልኝ» ሊል? «ይጨምርልህ» ለተባለው «የለም፣ ይቅርብኝ» ሊል? አሜኑን የሚያሰርዝ ሰው በየት አገር ታይቷል? ይህን ሲያስብ ሌላውም ነገር አብሮ ወለል አለለት። እኚህ ሴት መጠለያቸውን ለሚወስድባቸው ሰው ነው እጃቸውን የዘረጉት። እሱ ደግሞ ምርቃቱን በሙሉ ተቀብሎ ቤቱን በሽራፊ ሊወስድ ነው።

ሳቅ አፈነው። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሆዱ፤ በመጨረሻ ግቢው ሁሉ አስተጋባ።

«ሐራጅ ባይ!» አለ። «ዋጋ ይሰረዛል፤ አሜን አይሰረዝም። ያዝ ብዕርህን!» ወደ እማማ በለጡ ዞረ። «እናቴ፣ ምርቃቱ አለቀ እንዴ? ኧረ ይጨምሩልኝ!»

«ወይ ጉድ! አንተስ ምርቃት አትጠግብም!» አሉና እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

አሁን ነገሩ የገባው ሰፈርተኛ እማማ በለጡ አንድ በመረቁ ቁጥር ከአጥሩ ላይ «አሜን! አሜን!» ይል ጀመር። ሐራጅ ባዩ ላብ በላብ ሆነ። «የአጥር ላይ አሜን አይቆጠርም! ማስያዣ ያስያዘ ሰው አሜን ብቻ ነው የሚቆጠረው!» እያለ ይጮሃል።

ይህን ሁሉ ሲያይ የቆየው ኮንትራክተር ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ሰው በራሱ ላይ የሚጨምረው አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» አለ ለደላላው በሹክሹክታ። «እዚህ ቤት ወርቅ ተቀብሯል!» ወዲያው እጁን አወጣ። «እኔም እጨምራለሁ!»

«ተነጋግረን አልነበረም ወይ?» አለ ደላላው፣ እንባው ሊመጣ ሲል።

«የተነጋገርነው ስለ ቤቱ ነው! ስለ ወርቁ መቼ ተነጋገርን?»

እዚህ ላይ ጨዋታው ቀረ። ኮንትራክተሩ የገንዘቡን ልክ እሱም አያውቀው። ባለ ወፍጮው ያለችው ግን የቤቱ ሙሉ ዋጋ ብቻ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ቢወቀጥ አንድ ብር አይወጣውም። ያ የተመኘው ጸጥ ያለ እርጅና ከእጁ ሊያመልጥ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲጨምር የቤቱ እውነተኛ ዋጋ ላይ ደረሱ። የመጨረሻውን የጠራው ባለ ወፍጮው ነበር። ጠርቶም አልተቀመጠ።

«ወንድሜ» አለው ኮንትራክተሩን፣ «ወርቅ አላውቅም። እኔ የጨመርኩት የቤቱ ልክ ይህ ስለሆነ ነው። ከዚህ በላይ የለኝም። ካሻህ ጨምርና ውሰደው፤ እኚህ እናትም ድርሻቸው ይሰፋል፤ እኔም ወደ ወፍጮዬ እመለሳለሁ።»

ኮንትራክተሩ እጁን ግማሽ ድረስ አነሳ።

«ወርቅ?» አሉ እማማ በለጡ። «በዚህ ቤት? ኧረ ልጆቼ ተዉኝ! ወርቅ ቢኖረኝ ጣሪያው ሲያፈስ በባልዲ ስቀበል አድር ነበር?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የኮንትራክተሩ እጅ ወደ ላይ መሄዷን ትታ ራሱን አከከች። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ተቀመጠ።

«አንደኛ ጊዜ! ሁለተኛ ጊዜ! ሦስተኛ ጊዜ!» አለ ሐራጅ ባዩ። «ለባለ ወፍጮው ተሸጧል!»

መጀመሪያ እልል ያሉት እማማ በለጡ ናቸው። ሰፈሩ ተከተላቸው። ያ ኮስታራ ሐራጅ ባይ እንኳ ወረቀቱን ሲሰበስብ ጥርሱ ታየ ይላሉ።

እማማ በለጡ በድርሻቸው እዚያው ሰፈር አንዲት ክፍል ከነማድቤቷ ገዙ፤ ጎመን የምታበቅል ጓሮም ተመረቀችላቸው። የእንጀራ ልጆቻቸውም የልባቸው ስለደረሰ ይግባኝ የሚል ጠፋ፤ ዕቃ ሲጓዝ ፍራሹን የተሸከሙት እነሱ ነበሩ።

አሁን ደግሞ ቤቱን እንዴት እንዳስረከቡት ስሚ። ከቤቱ ተከፍቶ የሚወጣ ሰው ቁልፍ ወርውሮ ይሄዳል። አንዳንዱማ በሩን ከነመቃኑ፣ መብራቱን ከነገመዱ ነቅሎ ነው የሚሄደው። እማማ በለጡ ግን ባለ ወፍጮውን እጁን ይዘው ክፍል ለክፍል አዞሩት። «ይህቺ መስኮት ስትዘጋ ትንሽ ከፍ አድርጋት፤ ኩሩ ናት። እዚህ ጋ ከመሬት በታች የውሃ ቧንቧ አለ፣ እንዳትቆፍር። ይህ ተከራይ ጨዋ ነው፣ እንዳታስወጣው። ያኛውም መዝፈን ይወዳል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም፤ አንተ ደግሞ ወፍጮ ለምደህ ዘፈኑ አይሰማህም!» አሉት። ለሱቁም ተከራይ ከዕድራቸው ፈልገው አመጡለት። ይህ ሁሉ በየትኛው ሐራጅ ይሸጣል? ባለ ወፍጮው ወፍጮውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ደጁ ላይ ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ጀመረ።

ደላላውና ጓደኞቹ በሌላ ሐራጅ ሌላ ቤት በባጃጅ ዋጋ ወሰዱ። የዚያ ቤት ሰዎች ግን አቤት አሉ። «ተመሳጥራችኋል» ተባለና ሐራጁ ፈረሰ፤ ነገሩም ከችሎት ወደ ችሎት ሲንከራተት ይኖራል። ቤቱ እንደተቆለፈ ነው። የገባበት ተከራይ አይጥ ብቻ ነው፤ አይጥ ደግሞ ኪራይ አይከፍል።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ፣ ባለ ወፍጮው አንቺ ነሽ። ገንዘብሽ ላብሽ ነው፤ ቤት ገዝቶ ማከራየትም ኃጢአት አይደለም። ገዢ ባይኖር እማማ በለጡስ ክፍላቸውን በምን ይገዙ ነበር? ደላላው ደግሞ ያ «ርካሽ ነው፣ ማንም አያይሽም» እያለ በጆሮሽ የሚያንሾካሹከው ሐሳብሽ ነው። አዎ፣ አይቼሻለሁ፤ አሁንም እያንሾካሾከልሽ ነው! እሱን እንዳትሰሚው። «በምን ያህል ልግዛ?» ላልሽው መልሱ ይኸውልሽ። ከዚያ ቤት የሚወጣው ሰው ቆሞ ቢመርቅሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ አሜን ልትዪበት የምትችዪው ዋጋ፣ የቤቱ ዋጋ እሱ ነው። ከዚያ በታች ከገዛሽው ካርታው በስምሽ ይሆናል፣ ቤቱ ግን እንደተቀየመሽ ይኖራል። ከዚያ በላይም ደግነት ነው ብለሽ እንዳትከፍዪ፤ የወንድሜ ልጅ ሞኝ ናት ሲባል መስማት አልፈልግም!

ያ ያልሽኝ ቤት ከድልድዩ ማዶ ያለው ነው አይደል? በይ ነጠላዬን አቀብዪኝ፣ አብረን እንሂድ። ቆርቆሮውንና ግድግዳውን በኋላ ታዪዋለሽ። መጀመሪያ ገብተሽ የቤቱን ሰው «እንደምን ዋሉ» በያቸው።